ዘይት በጄሪካን፣ ዘይት በሃይላንድ

ሰው ባለችው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ የሚወስነው እንዴት ነው የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ መልሱ ዘወትር በሁለት ነገሮች ላይ ያርፋል፤ አንዱ የገቢው መጠን፣ ሌላው የዕቃው ዋጋ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም በሐዋሳ የሰፈር ሱቆችና ገበያዎች የሚሸምተውን ሰው ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ የማይገለጽ ብዙ ነገር አለ። ገንዘቡ እጅ የሚገባው በየቀኑ ነው ወይስ በየወሩ፣ ዕቃውስ የሚሸጠው በምን ያህል መጠን ተከፋፍሎ ነው የሚሉት ጥያቄዎች የሸማቹን ምርጫ የዋጋውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዋጋው በላይ ይወስኑታል። ስለ ኑሮ ውድነት በምናወራበት ጊዜ ሁሉ የኪሎ ዋጋ ስንት ደረሰ የሚለውን እየደጋገምን ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ ስለምንዘለው፣ ጥቂት ልበልበት ብዬ ተነሣሁ።

በትምህርቱ ልጀምር። የሸማች ምርጫ ንድፈ ሐሳብ የሚነሣው ማንም ከማይክደው እውነት ነው፤ ገቢ የተወሰነ ስለሆነ አንዱን መግዛት ሌላውን መተው ነው። የአንድ ኪሎ ሥጋ ትክክለኛ ዋጋ ሉካንዳ ቤቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሳይሆን፣ በዚያ ብር ሊገዛ ይችል የነበረው ሽሮ፣ ዘይትና ሽንኩርት ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ሃይንሪኽ ጎሰን በ1854 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፣ ከአንድ ነገር ብዙ ባገኘን ቁጥር ተጨማሪው የሚሰጠን እርካታ እያነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህም ሸማቹ በየዕቃው ላይ የሚያወጣት የመጨረሻዋ ብር የምታስገኝለት ጥቅም እኩል እስኪሆን ድረስ ገንዘቡን ከአንዱ ቀንሶ ወደ ሌላው ያዞራል። ይህ ሲነገር የሊቃውንት ነገር ይመስላል እንጂ፣ ገበያ መካከል ቆማ «ሽንኩርቱን ግማሽ ኪሎ አድርጊውና በተረፈው ቃሪያ ጨምሪልኝ» የምትል ሴት የምትሠራው ስሌት ይኸው ነው።

መጻሕፍቱ ይህን በሥዕል ሲያሳዩ፣ በአንድ ገቢ ከሁለት ዕቃዎች ምን ያህል ምን ያህል መግዛት እንደሚቻል የሚያመለክት ቀጥ ያለ መስመር ይስላሉ፤ ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ የሚገዛ፣ ከበላዩ ያለው አቅም የማይደርስበት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለው ግን አንድ ነገር በዝምታ ስለተወሰደ ነው፤ አንድ ሊትር የገዛም አምስት ሊትር የገዛም በሊትር እኩል ይከፍላል ተብሎ ታስቧል። በእኛ ሰፈር ይህ አይሠራም።

ባለሱቁ ዘይቱን የሚሸጥበትን መንገድ ተመልከቱ። መደርደሪያው ላይ የታሸገው የአምስት ሊትርና የሦስት ሊትር ጄሪካን ተደርድሯል። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ አፉ የተከፈተ የሃያ ሊትር ጄሪካን አለ፤ ከእርሱ እየተቀዳ የተሞሉ ትናንሽ የሃይላንድ ፕላስቲኮች በአንድ ካርቶን ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ክዳናቸው እየተፈታ እየተጠመዘዘ ከመልፋቱ የተነሣ አንዳንዱ በላስቲክ ታስሯል። ቀኑን ሙሉ ብዙ ሰው የሚመላለሰው ወደ ካርቶኑ ነው። ለስሌት እንዲመቸን፣ የአምስት ሊትሩ ዋጋ 1,500 ብር ነው፣ ሩብ ሊትር የሚይዘው ሃይላንድ ደግሞ 90 ብር ይሸጣል እንበል። የመጀመሪያው ገዢ ለአንድ ሊትር 300 ብር ሲከፍል፣ ሁለተኛው 360 ብር ይከፍላል ማለት ነው። አምስት ሊትር በሃይላንድ እየገዛ የሚጨርስ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ 1,800 ብር አውጥቷል። ገቢው ያነሰው ሰው ለዚያው ዘይት 300 ብር አስበልጦ ከፈለ።

በዚህ ጊዜ «ታዲያ ለምን አጠራቅሞ አይገዛም?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙዎቻችንም ደመወዝተኞች ስለሆንን ጥያቄው ትክክል ይመስለናል። ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ አንዲት ጎረቤታችንን ይህንኑ በጨዋታ መካከል ጠይቄያቸው ነበር። «እትዬ፣ አምስት ሊትሩን ቢገዙት አይሻልዎትም?» ስላቸው፣ «አይ ልጄ፣ አምስት ሊትሩን የገዛሁ ቀን እራት ዘይት እንጠጣ?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። በቀን 400 ብር የሚያገኝ ሰው 1,500 ብር ዘይት ላይ ማዋል ማለት ወደ አራት ቀን የሚጠጋ ገቢውን በአንድ ጄሪካን ውስጥ መቆለፍ ነው፤ በእነዚያ አራት ቀናት እንጀራው፣ ከሰሉና የልጆቹ ደብተር ከየት ይመጣል? አምስት ሊትሩ አርባ ቀን ያህል የሚቆይ ከሆነ፣ 1,500 ብር አውጥቶ በአርባ ቀን ውስጥ 300 ብር ማዳን ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ወለድ የሚከፍል ባንክ የለም። ሴትዮዋ ይህን ትርፍ የሚተዉት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ የመግቢያው 1,500 ብር ስለሌላቸው ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። በአሜሪካ ይሺም ኦርሁን እና ማይክ ፓላዞሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራቸው የቤተሰቦችን የሶፍት ግዢ መርምረው ነበር። ሶፍትን የመረጡት የማይበላሽና በብዛት ስለተገዛ ብቻ ቶሎ የማያልቅ ዕቃ በመሆኑ ነው፤ ማንም ቢሆን በጅምላና ቅናሽ ሲኖር ቢገዛው ይጠቀማል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በጅምላ መግዛትንም ቅናሽ ጠብቆ መግዛትንም ከሌሎቹ ያነሰ ይጠቀሙባቸው ነበር፤ ልዩነቱ ግን ገንዘብ እጃቸው በሚገባባቸው ቀናት ይጠባል። ገንዘብ ሲገኝ እነርሱም እንደ ሌላው ያሰላሉ፤ ዕውቀቱ ሁልጊዜም ነበራቸው ማለት ነው። «ድኻ ቁጠባ አያውቅም» የሚለውን የሻይ ቤት ፍርድ ይህ ጥናት በደንብ የሚያፈርሰው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን በሚዛን መቀመጥ አለበት። በትንሽ መግዛት ሁልጊዜ የችግር ምልክት አይደለም። በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ኩንታል እህል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ በቆሎ ደግሞ በሐዋሳ ሙቀት ነቀዝ ከገባው የተገኘው ቅናሽ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ቤት ውስጥ ብዙ ዘይት ሲኖር እጅ እንደሚለቅ፣ ጎረቤትም «እስኪ ለወጥ መሥሪያ» ሲል እምቢ ማለት እንደማይቻል የሚናገሩ እናቶች አሉ። ትንሿ ሃይላንድ ውድ ብትሆንም ፍጆታን ትገድባለች። በስልክ ጥቅልም እንዲሁ ነው፤ የወር ጥቅል በሜጋባይት ሲሰላ ከዕለቱ እንደሚረክስ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም የዕለቱን የሚገዛ ሰው ዛሬ ካልፈለገ ሳይገዛ መዋል ይችላል። ይህ ነጻነት የራሱ ዋጋ አለው።

ወደ ዋጋ መጨመር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ አብዛኛው የምግብ ዘይታችን ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ይህ ከማንም ማእድ ቤት የራቀ ዜና አልነበረም። ዋጋ ሲጨምር ሸማቹ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይደርሳል፤ የቭጌኒ ስሉትስኪ በ1915 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱን ለይቶ ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። አንደኛው፣ የተወደደው ዕቃ ከሌሎቹ አንጻር ስለከበደ ሰው ወደ ምትኩ ያዘነብላል። ሁለተኛው፣ በእጁ ያለው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ ስለቀነሰ ሰውዬው እንደ ደኸየ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዋጋው ያልተነካውንም ዕቃ ጭምር መቀነስ ሊጀምር ይችላል።

ጤፍ ይህን ለማየት የተመቸ ነው። ማኛ ይገዛ የነበረው ወደ ነጭ፣ ነጭ ይገዛ የነበረው ወደ ሰርገኛ ይወርዳል። ቀይ ጤፍ ቀድሞ የመጨረሻው መውረጃ ነበር፤ አሁን ለጤና ሲሉ የሚፈልጉት በመብዛታቸው መውረጃነቱ እንደ ድሮው አስተማማኝ አይደለም። ከዚያ በታች መቀላቀል አለ፤ ሩዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ከጤፉ ጋር ይፈጫል፤ ምጣዱ ላይ ዓይኑ ያምራል፣ በማግስቱ ግን እንጀራው ይደርቃል። በሐዋሳ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ቆጮ። ከገጠር ሲዳማ በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣው ቆጮ በእንሰት ባደገው ቤተሰብ ዘንድ ዋናው ምግብ እንጂ የጤፍ ምትክ አይደለም፤ በጤፍ ያደገው ግን እንጀራ ሲወደድ ነው ዞሮ የሚያየው። ስለዚህ በአንድ ግቢ፣ በእኩል ገቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ለአንዱ የጤፍ ዋጋ ጭማሪ የሚሰጡት ምላሽ ፍጹም ሊለያይ ይችላል። ገቢና ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅርጫታቸው አንድ ዓይነት በሆነ ነበር።

መተካት የሚያበቃበት ቦታም አለ። በጣም በጠባብ ገቢ የሚኖር ሰው ዋናው ምግቡ ሲወደድ፣ ያንኑ ምግብ መቀነስ ሲጠበቅበት ሊጨምረው ይችላል፤ ይህ እንግዳ ክስተት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ጊፈን አስተውሎታል ተብሎ በስሙ ይጠራል። ብዙ ዘመን እንደ ተረት ሲቆጠር ቆይቶ፣ ሮበርት ጄንሰን እና ኖላን ሚለር በቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር ለድኻ ቤተሰቦች የሩዝ ድጎማ ሰጥተው ሞከሩት፤ ውጤቱም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ሩዝ ሲረክስላቸው የሚበሉት ሩዝ ቀነሰ፤ ድጎማው ሲቆም ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሩዙ ሲወደድ የሚቆርጡት ከሩዙ በላይ ውድ የሆነውን ሥጋና ሌላ ማባያ ነው፤ ሆድ ግን መሙላት ስላለበት በምትኩ ሩዝ ይጨምራሉ። በእኛ ከተማ ይህን በቁጥር ያረጋገጠ ሥራ ልጠቅስ አልችልም፤ እንጀራው ሳይቀንስ ወጡ እየቀጠነ የሚሄድበትን ቤት ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ኤርንስት ኤንግል የተባለው የሳክሶኒ የስታቲስቲክስ ሹም በ1857 (እ.ኤ.አ.) የቤልጂግ ሠራተኞችን ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እንደሚበዛ አሳይቷል። ግኝቱ እስካሁን በየአገሩ ይሠራል። በእኛ ዘንድ ግን ከምግብ በፊት የሚከፈል ወጪ አለ፤ የእድር መዋጮ። እራት የሚቀንስ ሰው እድሩን አያቋርጥም። ከውጭ ለሚያየው ይህ ከመጠን ያለፈ ይሉኝታ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ምክንያታዊ ሆኖ ነው የማገኘው፤ ለቀብርና ለሐዘን ቀን ሌላ ዋስትና የሌለው ሰው ያለችውን አንዷን ዋስትና አይጥላትም።

ገንዘብ የሌለው ሰው ሁልጊዜም ቢሆን ሌላ የሚከፍለው ነገር አለው፤ ጊዜውን። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በማለዳ የሄደና ፀሐይ ከበረታ በኋላ የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ገበያ አይጠብቀውም። በማለዳ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዓይኑ እንዳበራ ነው፤ ሻጩም አይለማመጥም። ረፋዱ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣልላቸውን አንጀት ሲሻሙ፣ በረዶ የሌለው ሻጭ ደግሞ ፀሐዩን ቀና እያለ ያይና ዋጋውን መቀነስ ይጀምራል። ፊሌቶ ተሠርቶለት የሚወስደው ሰው ለጉልበቱና ለንጽሕናው ይከፍላል፤ ሙሉውን ዓሣ ገዝቶ ራሱ የሚያጸዳው ደግሞ የዓሣውን ጭንቅላትና አጥንት ለሾርባ ያተርፋል። ማታ ማታ መንገድ ዳር የሚረክሰው የቲማቲም መደብም እንዲሁ ነው፤ ለሰላጣ የማይሆነው ለስልስ ይሆናል፤ ገዢዋ ግን እስኪመሽ መጠበቅና በዚያው ቀን መሥራት አለባት።

የእሁድ ገበያም በዚሁ ሂሳብ ይታያል። ከአምራቹ ወይም ከማኅበራት በቀጥታ ስለሚሸጥ ከሰፈር ሱቅ የሚቀንስባቸው ዕቃዎች አሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም መመላለሻው የራሱ ወጪ አለው። ለምሳሌ በባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ብር የሚከፍል ሰው፣ በሽንኩርት ኪሎ 15 ብር ቢቀንስለት፣ ሁለት ኪሎ ገዝቶ ቢመለስ 10 ብር ከስሯል፤ ትርፉ የሚጀምረው ከሦስተኛው ኪሎ ነው። አስር ኪሎ የሚገዛው ሰው ያተረፈ ሲሆን፣ ሁለት ኪሎ የሚገዛው ለእርሱ ታስቦ በተቋቋመው ገበያ አይጠቀምም። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ስኳርና ዘይት ገባ ሲባል የሚሠለፈውም ቅናሹን በሰዓት ይከፍላል፤ የቀን ሥራ ያለው ሰው ለሰልፍ የሚያውለው ግማሽ ቀን ነጻ አይደለም።

እንግዲህ የገንዘቡን አመጣጥ ማስተካከያ መንገዶቹ ናቸው ይበልጥ የሚያስደንቁኝ። ዱቤ አንዱ ነው። ባለሱቁ በደብተሩ ላይ እየጻፈ እስከ ደመወዝ ቀን ይሰጣል፤ ወለድ አይጠይቅም፤ ግን የዱቤ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅ ረከሰ ብሎም አይሄድም። ወለዱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እቁብ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ በየቀኑ የሚገባውን ጥቂት ብር ሰብስቦ በአንድ ቀን ትልቅ ገንዘብ ያደርገዋል። እቁብ የደረሰው ሰው ጄሪካኑን፣ የጤፉን ኩንታል፣ ወይም አዲስ በርበሬ ሲገባ ከሐላባ የሚመጣውን ፈረሱላ መግዛት ይችላል፤ ጅምላ ዋጋ ለእርሱም ክፍት ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የቴሌብር እንደኪሴ አገልግሎትም ክፍያ ላይ የጎደለውን ብር በአገልግሎት ክፍያ ያበድራል። ድንገት ለጎደለ ብር ይጠቅማል፤ ለየዕለቱ ፍጆታ ከዋለ ግን የአገልግሎት ክፍያው ተጨማሪ የሃይላንድ ዋጋ ይሆናል።

ከሁሉ የሚሻለኝ ግን አብሮ መግዛት ነው። ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንድ ክፍል ተጋርተው፣ ኪራዩን ተካፍለው፣ አንድ ድስት ጥደው ይኖራሉ። ደመወዛቸው በአንድ ሰሞን ስለሚገባ የወሩን ዱቄት፣ ዘይትና ሽሮ በአንድ ላይ መግዛት ይችላሉ። እያንዳንዷ ለብቻዋ ብትኖር የሃይላንድ ደንበኛ በሆነች ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆኑ የጄሪካን ደንበኞች ናቸው። ችግሩ በመብላቱ ላይ ይመጣል፤ በሌሊት ፈረቃ የምትገባዋ ምሳዋን፣ የቀኗ ደግሞ እራቷን ቤት ውስጥ ትበላለች፤ ማን ምን ያህል በላ የሚለው ጥያቄ ከተነሣ መዋጮው መፍረስ ይጀምራል። ስለዚህ አንዳንዶቹ የሚያዋጡት ለዘይት፣ ለሽሮና ለከሰል ብቻ ነው፤ እንጀራውን እያንዳንዷ በቁጥር ትገዛለች።

ክፍል የሚጋሩበት ምክንያት ራሱ የዚሁ ጉዳይ ትልቁ ምሳሌ ነው። ቤት በሃይላንድ አይሸጥም። ወርሃዊ ኪራዩን መክፈል የሚችል ሰው እንኳ የብዙ ወር ቅድሚያ ሲጠየቅ ከበር ይመለሳል፤ የሚመለሰው ቤቱ ስለተወደደበት ሳይሆን የመግቢያው ገንዘብ በአንድ ቀን ስለማይሞላለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን ከመገደብ ጎን ለጎን፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይላል። ሰው ስለ አዋጁ ሲከራከር የሚያነሳው የጭማሪውን አንቀጽ ነው፤ ክፍል ለሚፈልግ የቀን ሠራተኛ ግን በሩን የሚከፍትለት የቅድሚያው አንቀጽ ነው ባይ ነኝ።